ከዝናቡ በፊት የሞላ ውሃ

ሰኞ፣ የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

መዝገቡ ዛሬ ደረሰ። የአንድ ዓመት ተኩል ልኬት በጥቁር ፌስታል ተጠቅልሎ፣ ከመካነ ብርሃን በመጣ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ከሽንኩርት ጋር ተዳብሎ። ቢሮው እስካሁን ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል።

ሥራው ይኼ ነው። ጃናሞራ ውስጥ ወፍ ውሃ የሚባል ምንጭ አለ፤ አራት ጎጥ ይጠጣዋል። ሰዎቹ ምንጩ እየደረቀ ነው ብለው አመለከቱ። ጥናቱን ያዘዘን የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ደግሞ "እናንተ የውሃ አማካሪዎች ናችሁ፣ አጥንታችሁ ንገሩን" አለ። ምንጩ በእርግጥ ከቀነሰ ከላይ ያለው፣ አዲሱን ሰፈር የሚያጠጣው የጥልቅ ጉድጓድ ፓምፕ ይቁም ይባላል። ካልቀነሰ ሰዎቹ የውሃ አያያዝ ሥልጠና ይሰጣቸውና ፋይሉ ይዘጋል።

የጉድጓዱን ቦታ በ2014 ያመለከተው ድርጅታችን ነው። ከምንጩ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ይርቃል፣ የተቆፈረበት ድንጋይም ሌላ ድንጋይ ነው። ከዚህ ጥናት ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

መዝገቡን የጻፉት አያ ላቀው የሚባሉ የአገሩ ሽማግሌ ናቸው። ምንጩ ሥር ባለ ቁጥር ብረት ተተክሏል። ውሃው ስንት ሴንቲ ሜትር ላይ እንደ ደረሰ ጧት አሥራ ሁለት ሰዓትና ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት እያነበቡ ይጽፋሉ። በየቀኑ። አንድም ቀን አልዘለሉም። እኔ ጥርሴን በየቀኑ መቦረሼን እንኳ እጠራጠራለሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 26

የመዝገቡን ሐቅ የምናጣራበት አንድ መንገድ አለን። በሐምሌ 2015 እዚያው ትምህርት ቤት ጣሪያ ላይ የሰቀልነው የዝናብ መለኪያ። በባትሪ ይሠራል፣ ሰው አይነካውም፣ ስንት ሰዓት ላይ ስንት ጠብታ እንደ ወረደ ራሱ ይመዘግባል። ቀኑን የሚቆጥረው በፈረንጅ ስለሆነ ከአያ ላቀው ቀን ጋር ማስተያያ ሰንጠረዥ ያስፈልጋል። እንዳልካቸው፣ ጂኦሎጂስታችን፣ "እኔ ልሥራው" አለኝ። እንቢ አልኩ። በሰው እጅ የገባ ቁጥር ቁጥር አይሆንም። መስከረም 1ን ሴፕቴምበር 11 ላይ አሰርኩና እስከ ታች ጎትቼ አወረድኩት፤ የአንዱን ዓመት ሰንጠረዥ ለሁሉም ዓመት ተጠቀምኩበት። አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

ክረምቱ ሸጋ ነው። ዝናብ ዘነበ፣ ውሃው ተነሣ። ከመስከረም 2016 በኋላ ግን የሆነ ነገር አለ። ነገ እንደገና አየዋለሁ።

አርብ፣ የካቲት 28

ሰባት ዝናብ። ሰባቱም እንዲያው ናቸው።

ዝናቡ መስከረም 10 ይዘንባል፤ ውሃው መስከረም 9 ይሞላል። ጥቅምትም እንዲያው፣ ጥርም እንዲያው። ውሃው ሁልጊዜ ከዝናቡ አንድ ቀን ቀድሞ ይሞላል። አያ ላቀው ነቢይ ሆነዋል ማለት ነው። ወይም እቤታቸው ቁጭ ብለው ከልባቸው ፈጥረው ይጽፋሉ።

ይባስ ብሎ፣ ከየካቲት 22 ቀን 2016 ጀምሮ በአንድ ጊዜ ይስተካከላል። ዝናብና ውሃ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሄዳሉ። ሰው ድንገት ሐቀኛ የሚሆነው መቼ ነው? ጣሪያ ላይ መሣሪያ እንዳለ ሹክ ሲሉት። ማን ነገራቸው?

ማክሰኝት ላይ የደረሰብኝን አልረሳም። እዚያ የወንዙን ከፍታ የሚጽፈው ሰው ሁለት ወር ጎንደር ከርሞ ደብተሩን ከዘመድ ቤት ሞልቶ ላከልኝ። እኔም አመንኩት፣ ድልድይ ተሠራበት፤ በመጀመሪያው ክረምት ውሃው ከላዩ ላይ ሄደ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይሉኝ እንደሆነ ይበሉኝ።

አርብ፣ መጋቢት 5

እንዳልካቸው ዛሬም "እትዬ እስከዳር፣ እስቲ ሰንጠረዡን ልይልሽ" አለ። ይህ ለሦስተኛ ጊዜ ነው። ምን ይፈልጋል? ባለፈው ሳምንት በስልክ "አያ ላቀው" ሲል ሰምቼዋለሁ። ስልኩን ሲያይ ብልጭ የሚል ነገር ፊቱ ላይ አለ።

ፋይሉን ቆልፌዋለሁ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 10

ከመስከረም እስከ የካቲት 2016 ያለውን የመዝገቡን ክፍል ከጥናቱ ማውጣት ግድ ይላል። የታመመ መረጃ ጤነኛውን ይበክላል። የማስተምርበት ዘመን ቢሆን ተማሪዬንም እንዲህ እለው ነበር።

ያ ክፍል ሲወጣ ምንጩ ቀነሰ የሚያሰኝ ነገር አይቀርም። ፓምፑ ሥራ የጀመረው ኅዳር 2016 ነው፣ መቀነሱም የሚታየው ከኅዳር ወዲህ ነው፤ ኅዳር ደግሞ በታመመው ክፍል ውስጥ ነው። አጋጣሚ ነው። ድንጋዩ ሌላ ድንጋይ ነው፣ ያን ተራራ በእግሬ አውቀዋለሁ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 20፤ መካነ ብርሃን

ከደባርቅ በላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። መንገዱ ሁለት ጊዜ ተዘጋ፣ ሁለት ጊዜ ተከፈተ። ቅዳሜ ሞፈር ስለማይያዝ ሰዉ ከጧት ጀምሮ ቀበሌው አዳራሽ ተሰብስቦ ቆየኝ። አያ ላቀው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ቀጭን፣ ጺማቸው የነጣ፣ ዳዊት የደገመ ሰው አንገት ያላቸው፤ ቀና ብለው ነው የሚያዩሽ።

እኔ ነገር አልሸፍንም። "አያ ላቀው፣ ጥር 10 ቀን 2016 ማታ ውሃው በአራት ሴንቲ ሜትር ተነሣ ብለው ጽፈዋል። መሣሪያው ደግሞ ዝናቡ የዘነበው ጥር 11 ነው ይላል። ዝናብ ሳይኖር ውሃው ከየት መጣ?" አልኳቸው።

አዳራሹ ሳቀ። ከኋላ እስከ ፊት።

"የዘነበው በከተራ ነው!" አለች ይርገዱ፣ የውሃ ኮሚቴዋ ሊቀ መንበር። "ምነው ባክሽ! ታቦቱ ድንኳን ሳይገባ ነው የወረደብን። ጥላው ተገልብጦ ቄሱ እንደ ጉድ ረጥበው። በጥር ዝናብ አይተን እናውቅና ነው የምንረሳው?"

"ጥር 11 ነው" አልኩ።

"ጥምቀቱን ዕለትማ ፀሐይ ነበር፤ እንዲያውም ልብሳችንን ያደረቅን ያን ዕለት ነው" አለ ሌላው። አንዷም "እኔ በከተራው ዝናብ ታምሜ ጥምቀቱን ተኝቼ ዋልሁ" አለች። ሁሉም በአንድ አፍ። ሁሉም! አራት ጎጥ ሰው እንዲህ አንድ ቃል የሚናገረው ሲመካከር ብቻ ነው።

አያ ላቀው እጃቸውን አነሡ። "ልጄ፣ እኔ ያየሁትን ጻፍሁ። ካላመንሽኝ በታቦቱ ልማል።"

"መሐላ መረጃ አይሆንም፣ አባቴ" አልኩ።

ያን ጊዜ ሳቁ ቆመ። አንዲት አሮጊት አማተቡ። ምን አጠፋሁ? እውነቴን ነው፣ መሐላ ሴንቲ ሜትር የለውም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 23

ከአዳራሹ ስወጣ ይርገዱ ለጎረቤቷ ያለችው ከጆሮዬ አይወጣም። "ይች ሴትዮ የመጣችው ለማጥናት አይመስለኝም፤ ለመዝጋት ነው።"

ሰው ያልገባውን ነገር ሁሉ ተንኮል ያደርገዋል።

ሰኞ፣ መጋቢት 29

ሪፖርቱ ገባ። "የከፍታ መዝገቡ ተአማኒነት ስለሚጎድለው የምንጩን መቀነስ ማረጋገጥ አልተቻለም።" ዓረፍተ ነገሩን አራት ጊዜ አነበብኩት። ጥሩ ዓረፍተ ነገር ነው።

አርብ፣ ሚያዝያ 3

ከማተሚያ ቤት ስመለስ አምሐና እንዳልካቸው ውስጠኛው ክፍል ነበሩ። አምሐ የድርጅቱ መሥራች፣ የድሮ መምህሬ ነው። ድምፅ ዝቅ አድርጎ "ሪፖርቱ እኮ ገብቷል" ይላል። እንዳልካቸው ደግሞ "ታዲያ ለእሷ ማን ይነግራታል?"

ስገባ ወሬ ቀየሩ። አምሐ ስለ አየሩ ጠየቀኝ። ሃያ ዓመት አብረን ስንሠራ እንደ ወሬ ማሳመሪያ ስለ አየር ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኛ እኮ አየር ሥራችን ነው።

የራሳቸውን ቢሮ ሊከፍቱ ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ሰኞ፣ ሚያዝያ 6

ከመካነ ብርሃን ስልክ። አያ ላቀው ከመለኪያው ሥራ ተነሡ። የሰው ነገር እንዲህ ነው፤ አዳራሹ ውስጥ አብሯቸው የጮኸው ሰው ሁሉ ሪፖርቱ ሲነበብለት ፊቱን አዞረ። ከተራ አንድ ቀን ነው፤ የቀሩትን ስድስት ዝናቦች ቀን ማን ያስታውሳል? "ሽማግሌው ሰንፎ ቢዘል ነው እንጂ ወረቀት በከንቱ እንዲህ አይልም፤ ምንጫችንን አስበላን" ይላሉ አሉ። የቅዱስ ሚካኤል ማኅበራቸው ሙሴ ነበሩ፤ በሐሰት ሊምል የተነሣ ሰው ማኅበር አይመራም ብለው ከእሱም አነሷቸው።

ይህን ያደረግሁት እኔ አይደለሁም። እኔ ስለ ቁጥር ነው የጻፍኩት።

በሰሙነ ሕማማት መሆኑ ግን ይከብዳል።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 15

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

እህቴ የትነበርሽ ለፋሲካ እንደመጣች ናት። ፎቶ ልናሳጥብ ስልኬን አብረን እናገላብጥ ነበር። የ2016 ጥምቀት፣ ቀሐ፣ ፋሲል መዋኛው ዳር፤ እሷ በነጭ ቀሚስ ውሃ ተረጭታ ዓይኗን ጨፍና። ሥሩ ላይ ስልኩ "ጃንዋሪ 20" ይላል።

"ስልኩ ተሳስቷል። ጥምቀት ጃንዋሪ 19 ነው" አልኩ።

የትነበርሽ ሆስፒታል የነፍሰ ጡሮች ክፍል ነርስ ናት፤ ቀኑን ሙሉ የአበሻን ቀን ወደ ፈረንጅ ስትቀይር ነው የምትውለው። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። "2015 ጳጉሜ ስድስት አልነበረች? ከዚያ እስከ የካቲት ሃያ አንድ ሁሉ ነገር በአንድ ቀን ይገፋል። እኛ ዘንድ ይህን የረሳ ሰው የመውለጃ ቀን ያሳስታል" አለች። ከዚያ ቀሚሱ አወፈረኝ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ነው፤ እኔ 11 ላይ አስሬዋለሁ። በአንድ ቀን ገፋሁት። ሰባቱም ዝናቦች ከሰባቱ ውሃዎች ጋር ገጠሙ። የከተራውም። እንደ ቁልፍና ጓጉንቸሩ።

ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል። ቀን መቁጠሪያው ግድግዳዬ ላይ ነው።

አርብ፣ ሚያዝያ 17

እንዳልካቸውን ጠየቅሁት። "ሦስት ጊዜ ሰንጠረዡን ልይ አልኩሽ" አለ፣ ምድር ምድሩን እያየ። "የከተራውን ለአያ ላቀው ደውዬ ጠይቄያቸው ነበር፤ ስለዚህ ቀኑን ጠረጠርኩ። ሪፖርቱ ከገባ በኋላ ግልባጩን ሳይ አረጋገጥኩ። ልነግርሽ ፈራሁ። አንቺን ማረም ከባድ ነው።"

ቢሮ ሊከፍቱ አልነበረም። ለእኔ ማን እንደሚነግረኝ ነበር የተቸገሩት።

አምሐ ግን እንደ አምሐ ነው። "የመረጃ ቅየራ ስሕተት ተፈጥሯል ብለሽ አንድ ገጽ ማረሚያ ላኪ። ማን እንደተሳሳተ መጻፍ አያስፈልግም። ስለ ጉድጓዱ ደግሞ አንድ ቃል እንዳይወጣሽ፤ ሌላ ሥራ አናገኝም" አለኝ። ምክሩ ብልህ ነው። ማታውኑ አርቅቄዋለሁ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 19

ረቂቁን አልላክሁም። ይህን ደብተር ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኩት።

"የጉድጓዱን ቦታ ያመለከተው ድርጅታችን ነው" ብዬ ጽፌያለሁ። ለማንም የማላሳየው ደብተር ላይ! ድርጅታችን እግር የለውም። በ2014 ያን ተራራ ሁለት ሳምንት ዞሬ፣ ችካሉን በእጄ ተክዬ፣ "ምንጩን አይነካም" ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ድንጋዩ ሌላ ድንጋይ ነው ያልኩትም እኔ ነኝ፤ ላዩን አይቼ እንጂ ውስጡን ማን አየው?

ማክሰኝት ላይ የተታለልኩት መዝገቡን ሳላጣራ ነው። እዚህ ግን አጣራሁ። ሽማግሌውን አጣራሁ፣ እንዳልካቸውን አጣራሁ፣ አራት ጎጥ ሰው አጣራሁ። የራሴን አሥር ደቂቃ ብቻ ሳላጣራ ቀረሁ። ለምን እንደሆነ አሁን አውቀዋለሁ፤ መዝገቡ ሐሰት ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

አፍሬያለሁ። ሌላ ቃል አላገኘሁለትም።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 25፤ መካነ ብርሃን

ያው አዳራሽ። አያ ላቀው ዛሬ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ነበር የተቀመጡት። አጠገባቸው ያለው ወንበር ባዶ ነበር።

"ስሕተቱ የእኔ ነው" አልኩ። "2015 ጳጉሜ ስድስት ነበረች፤ እኔ አምስት ብዬ ቆጠርኩ። አያ ላቀው አንድም ቀን አልዋሹም። ዝናቡ የዘነበው በከተራ ነው።"

"ሉቃስ ሲያልፍ ጳጉሜ ስድስት እንደምትሆን ሳታውቅ ነው እኛን የመረመረችን?" አለ አንዱ። የሳቀው ግን ጥቂት ሰው ነው።

አያ ላቀው አልሳቁም። ተነሡ። "ሸጋ። የቀኑስ ነገር ይሁን። ጉድጓዱ እዚያ ይቆፈር ያለው ማን ነው?"

ወረቀቱ ላይ ያለው የድርጅቱ ስም ብቻ ነው። አምሐ ያለኝ ትዝ አለኝ፤ "ድርጅቱ" የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

"እኔ" አልኩ።

ይርገዱ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ታዲያ ምነው ያን ጊዜ ሳትነግሪን? እሳቸውን እዚህ አቁመሽ ስትመረምሪ የነገሩ ባለቤት አንች ራስሽ ነበርሽ?"

ያለኝን ሐሳብ ብቻ ተናገርኩ። ጽሕፈት ቤቱን በግድ አስፈቅጃለሁ፤ ፓምፑ ሃያ አንድ ቀን ይቆማል፤ አዲሱ ሰፈር እስከዚያው ከአሮጌው የእጅ ፓምፕ ይቀዳል። ምንጩ ያለ ዝናብ ከተነሣ ውሃውን የሚጠጣው ጉድጓዱ ነበር ማለት ነው። "አያ ላቀውም እንደ ድሮው ያነባሉ" አልኩ።

"አላነብም" አሉ አያ ላቀው። "አንብቤ ሐሰተኛ ተባልሁ። አሁን አንች ታነቢያለሽ፣ ጧትና ማታ። እኔ እጽፋለሁ። ይርገዱ ቁማ ትሰማለች።"

"ሃያ አንዱንም ቀን?"

"እኔ አምስት መቶ ስድሳ ቀን አንብቤያለሁ" አሉ፣ ተቀመጡም።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 27

ፓምፑ ቆመ። ብረቱ ላይ ሰባት።

አርብ፣ ግንቦት 1

ልደታ። ሰባት ተኩል። ጧት ከብርድ ልብሱ መውጣት አቅቶኝ "ትናንት ያየሁትን ብነግራቸውስ" የሚል ሐሳብ መጣብኝ። በአምስተኛው ቀን! ሮጥኩ። አያ ላቀው ቀድመውኝ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሲያዩኝ ደብተሩን ገለጡ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

ዘጠኝ ተኩል። አላመንኩም። አንድ ሰው ከላይ ቦይ ቀዶ ወደ ምንጩ ያስገባ መስሎኝ ዳገቱን እስከ ጫፍ ወጣሁ። ደረቅ ድንጋይና ደረቅ ሣር። ስወርድ ይርገዱ ከታች ቆማ "አገኘሽው?" አለችኝ። የሌላ ሰው ቁጥር ቢሆን ይህን ጊዜ ጥዬው ነበር።

አምሐ ደወለ። ጽሕፈት ቤቱ የሚቀጥለውን ጥናት ለሌላ አማካሪ ሰጠ። እንዳልካቸው ብቻ "በርቺ" ብሎ ጻፈልኝ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

የሚካኤል ማኅበር። ሰዎቹ አያ ላቀውን ይቅርታ ጠይቀው ወደ ሙሴነትዎ ይመለሱ አሏቸው። "ሃያ አንዱ ቀን ይሙላ" አሉ። "አሁን ብመለስ ያዘናችሁልኝ ይመስላል።" እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ጠላ ቀዱልኝ። ከጎኔ የተቀመጠ ሰው አልነበረም።

ውሃን ምን ያናግረዋል ቢሉ ድንጋይ ይላሉ። እኔ ድንጋዩን አውቃለሁ ብዬ ሃያ ዓመት ስናገር ኖሬያለሁ።

ሰኞ፣ ግንቦት 18

መጨረሻው ቀን። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ጧት መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ ያለውን መሣሪያ አውርጄ ለይርገዱ አሳየኋት፤ ከሚያዝያ 27 ወዲህ አንዲት ጠብታ የለችበትም። ቀኑን እሷ በጣቷ ቆጠረች፣ እኔ ቆሜ ጠበቅኩ።

ወደ ምንጩ ስንወርድ የአራቱም ጎጥ ሰው ዳገቱ ላይ ነበር። ማንም አልጠራውም። ከላይኛው ሰፈር የመጡም አሉ፤ ፓምፑ ከተዘጋ ውሃ የሚያጡት እነሱ ናቸው፣ ለእነሱም ጉድጓድ ቃል የገባሁት እኔ ነኝ። አንዲት ሴት ባዶ ጄሪካን ይዛ ታየኝ ነበር።

ብረቱ አጠገብ ተንበረከክሁ። ውሃው እስኪረጋ ቆየሁ። አየሁ፣ ዓይኔን ጠረግሁ፣ እንደገና አየሁ። ቁጥሩን ባሳንሰው ምንጩ ብዙም አልተነሣም ይባላል፤ ብረቱን ከእኔ በቀር ከቅርብ የሚያይ የለም። አያ ላቀው ያን ሁሉ ዘመን ብቻቸውን እዚህ ሲንበረከኩ ያልዋሹት እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

"አሥራ ሦስት" አልኩ።

እስክሪብቶው ደብተሩ ላይ ቆመ እንጂ አልጻፈም። አያ ላቀው ዳገት ላይ ወዳለው ሰው አዩ፣ ከዚያ ወደ እኔ።

"ድገሚው። ይስሙት" አሉ።

ተነሥቼ ደገምኩት።